የመስከረም የጋራ ሳምንታዊ ዕቅድ፦ የባቄላ ሳምንት

ከየካ አባዶ
የየሰፈራችን ኬጂዎች በአንድነት የሚያስተምሩበት የሳምንት ዕቅድ ረቂቅ ይኸውላችሁ። ከእያንዳንዳችን 3,000 ብር የሚወጣው ለዚህ ነውና አንብባችሁ ተናገሩ። የአምናውን የህትመት ጣጣ አልደግመውም፣ ሁላችንም የቀመስነው ነው።

ዓላማው አንድ ነው። የኬጂ 1 ልጅ ከጠዋት እስከ ምሳ ከሰሌዳ ሲገለብጥ መዋሉ ይቅር። ወላጅ ማታ ደብተር ገልጦ «ዛሬ ምን ጻፍክ?» ስለሚል እኛም እናስጽፋለን። ልጁ መስመሩን ይሞላል፣ የጻፈውን ግን አያውቀውም። ስለዚህ ከመስቀል በኋላ ያለውን ሳምንት ሁላችንም በአንድ ዕቅድ እናስተምር። የሁሉም ትምህርት ማያያዣ ባቄላ ይሁን።

ሰኞ አማርኛ። የ«በ» ቤት፣ በግ፣ በሬ፣ በር። አሸዋ ላይ በጣት ይሥሩት፣ እርሳስ ገና ነው። ባቄላ በራብዑ ስለሚጀምር ሰኞ አናነሳውም፣ ልጅ ይምታታበታል።

ማክሰኞ ሒሳብ፣ ከ1 እስከ 5። የእንቁላል መያዣ ካርቶን እንቆርጣለን። ጉድጓዱ ላይ ቁጥር ይጻፋል፣ ልጁ ቁጥሩን አይቶ ያንኑ ያህል ባቄላ ይከታል። እስከ 20 በቃሉ የሚያንበለብል ልጅ «4 ቁጠርልኝ» ሲባል አንዱን ፍሬ ሁለቴ ይነካል፣ ወይ አፉ ከጣቱ ይቀድማል። ማክሰኞ የምንሠራው ጣቱና አፉ እኩል እንዲሄዱ ነው።

ረቡዕ አካባቢ ሳይንስ፣ ባቄላ በእርጥብ ጥጥ ላይ። ሐሙስ እንግሊዝኛ፣ «ቢ» (B) ፊደል፣ ስሟን ሳይሆን ድምፅዋን። ዓርብ እጅ ሥራና ሰውነት ማጎልመሻ። አንድ ክፍለ ጊዜ ከ20 ደቂቃ አይለፍ።

ከአያት
በጣም ደስ ይላል። ረቡዕን እኔ እጽፈዋለሁ፣ እስከ ዓርብ እልካለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ረቡዕ ጥጥ ላይ የተቀመጠ ባቄላ ዓርብ ምንም አያሳይም። ማታ ተነክሮ ካደረ በኋላም ቀናት ይፈልጋል፣ የኛ ሰፈር ብርድ ደግሞ ያዘገየዋል። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ተጀምሮ ረቡዕ ለልጆቹ መቅረብ አለበት። መጀመሪያ የሚወጣው ሥሩ ነው። ልጆቹ ቅጠል ነው የሚጠብቁት፣ ስለዚህ «ምን ይወጣል?» ብለን አስቀድመን ማስገመት አለብን።

ገንዘብ ያዥ
እስካሁን የከፈሉት አባዶና ሰሚት ብቻ ናቸው። ሌሎቻችሁ ነሐሴ ሳያልቅ አስገቡ። አምና እኔ ነኝ ከኪሴ የሸፈንኩት፣ ዘንድሮ አልሸፍንም።

ከጣፎ
ዕቅዱን አልጠላሁትም። ግን እህል መጫወቻ አይደረግም። ያደግነው ፍርፋሪ ወድቆ ካየን አንስተን ስመን ነው። አሁን ሕፃን ልጅ ባቄላ መሬት ላይ በትኖ ሲረግጥ «ሒሳብ እየተማረ ነው» ልንል ነው? ሌላ ነገር ይፈለግ።

ከአራብሳ
ጋሼ፣ አንድ ልጅ የሚይዘው 15 ፍሬ ነው። ከ1 እስከ 5 ሲደመር 15። ሲያልቅ ይለቀምና ለዓመት ይቀመጣል። የሚረገጥ የለም።

ከጣፎ
30 ልጅ ክፍል ውስጥ አስገብተህ የሚረገጥ የለም ትለኛለህ? ያንተን ክፍል መጥቼ አይቼዋለሁ።

ከአራብሳ
ክፍሌን ለማየት የመጡት ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ያ ጉዳይ እዚህ አይግባ።

ከሰሚት
የእህል ክብሩ ይቆይና፣ እኔ የምፈራው አፍንጫ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ ሽምብራ አፍንጫዋ ውስጥ ከታ እስክንደርስበት አብጦ ነበር። እህል እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። ጤና ጣቢያ ድረስ ይዣት የሮጥኩት እኔ ነኝ። እናትየዋ እስከዛሬ በር ላይ ስታገኘኝ ሰላም አትለኝም። ባቄላ ከሽምብራ ይተልቃል ትሉኝ ይሆናል፣ የሚጥር ልጅ አይጠፋም።

ከአራብሳ
ታዲያ ቆርኪ እናድርገዋ። እዚህ ያለነው ስንቶቻችን ነን በቆርኪ ቆጥረን ያደግነው? በነፃ ይገኛል፣ አፍንጫ አይገባም፣ እህልም አይደለም። ለአንድ ክፍል የሚበቃ በአንድ ቀን ይለቀማል።

የወላጅ ኮሚቴ ተወካይ
ከየት ነው የሚለቀመው? ከግሮሰሪ በር ላይ ነው። አምና አንዱ ትምህርት ቤት ልጆቹን ቆርኪ አምጡ ብሎ የልጄ ቦርሳ ውስጥ የቢራ ቆርኪ ሞልቶ አገኘሁ። ቤታችን የማይገባ ነገር ነው። ሙስሊም ወላጆችም ፕሮቴስታንት ወላጆችም በዚያው ሰሞን ተናግረዋል፣ ኦርቶዶክሱም ቢሆን የወደደው የለም። እንደገና እንዳታነሱት።

ከአራብሳ
የለስላሳ ቆርኪ እኮ አለ። የውሃ ክዳንም አለ።

የወላጅ ኮሚቴ ተወካይ
ልጅ ለይቶ ያመጣል?

ከሰሚት
የቆርኪው ጥርስ ጣት ይቆርጣል። የውሃ ክዳን ይሻላል፣ እሱም በሙቅ ውሃ ይታጠብ።

ከየካ አባዶ
እባካችሁ፣ ስለ ማክሰኞ አንድ ዕቃ ብቻ ነው የምናወራው። ስለ ሰኞስ? ስለ ሐሙስስ? ድምፅ ከስም ይቀድማል ያልኩትን ትስማማላችሁ ወይስ አትስማሙም? ከናንተ ውስጥ ቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩ ልጆች በብዛት ያሏችሁ አላችሁ። እነሱ አማርኛው ፈጥኖ የሚገባቸው ነገሩን በእጃቸው ሲይዙት ነው። ይሄ ሳምንት ለነሱ ይበልጥ ይጠቅማል።

ከኮዬ ፈጬ
ሰኞ ላይ ጥያቄ አለኝ። በሳምንት አንድ ቤት ከሄድን 33 ሳምንት ነው። ዓመቱ ያልቅብናል። 231ዱን ፊደል ኬጂ 1 እንጨርስ የሚል ወላጅ ነው ያለኝ።

ከየካ አባዶ
አንጨርስም። ቅድመ አንደኛ ሁለት ዓመት ነው። ኬጂ 2 ለምን ተቀመጠ?

ከጣፎ
ወደ እህሉ ልመለስ። እዚህ ያሉት ወጣቶች የ77ን አታውቁትም። እኔ አውቀዋለሁ። ሰው እንዲህ ያለ ፍሬ ከመሬት ለቅሞ ሲበላ ያየ ዓይን ልጅ እህል ሲበትን ማየት አይችልም። ይሄ አጉል ወግ አይደለም። እንዳላረጅባችሁ ሌላ ዕቃ ፈልጉ አልኩ፣ ሌላ ምንም አላልኩም።

ከአራብሳ
ጋሼ፣ ይቅርታ። እንደዚያ መሆኑን አላሰብኩም። እህል አይሁን፣ ተስማምቻለሁ። ቆርኪውን ግን ማንም በደንብ አልመለሰልኝም።

ሰብሳቢ
ስብሰባ ላይ ብሆን ኖሮ እዚህ ላይ አቆመው ነበር። ባቄላ ለሳይንስ ይቅር፣ ለሒሳብ ሌላ ይፈለግ። ከጣፎ ያሉት እህል ይዘራ ማለትን አይቃወሙም መቼም።

ከጣፎ
ይዘራ! መሬት ውስጥ ይግባ፣ ይብቀል። ለዚያ ነው የተፈጠረው። ኮሚቴው ከፈለገ ዘሩን እኔ በነፃ አመጣለሁ።

ከኮዬ ፈጬ
ጠጠር ምን አለው? የገበጣ ጠጠር ለስላሳ ነው።

ከሰሚት
ይወረወራል። ጠጠርና አምስት ዓመት ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ አላስገባም።

ከኮዬ ፈጬ
እሺ እንጨት። እኛ ጋ ቁርጥራጭ የሚጥል አናጢ አለ። በአንድ ልክ ኪዩብ ኪዩብ አድርጎ ቆርጦ፣ በአሸዋ ወረቀት አሽቶ ያዘጋጃል። ለክፍሉ 100 ፍሬ ብናዝ ለቁጥር ብቻ ሳይሆን ለመደርደርም ይሆናል። ጫፉ እንዲከብ፣ ቀለሙም አፍ ውስጥ ቢገባ የማይጎዳ እንዲሆን ነግሬዋለሁ። ቀለም ባይቀባ ይሻላል ነው ያለኝ።

ከሰሚት
ይሄ ነው! ሦስት ሳንቲ በሦስት ሳንቲ ቢሆን አፍንጫም ጆሮም አይገባም። ከዚያ ማነስ የለበትም።

የወላጅ ኮሚቴ ተወካይ
እንጨት ከሆነ ወላጅ ምንም አይልም። እንዲያውም ይወዳል።

ገንዘብ ያዥ
ስንት ነው?

ከኮዬ ፈጬ
ለጥቂት ኪዩብ ብሎ ማሽኑን አያስነሳም። ወንበርም ካዘዛችሁ ግን ዋጋ እቀንሳለሁ ብሎኛል። ለኬጂ 1 የ26፣ ለኬጂ 2 የ30 ሳንቲ ከፍታ መቀመጫ ይሠራል። አሁን ልጆቻችን የተቀመጡበት ፕላስቲክ እግራቸው አየር ላይ የሚንጠለጠልበት ነው። ሄዳችሁ እዩት።

ከአራብሳ
ስለ ወንበር ያልከው እውነት ነው። እኛ ጋ ግማሹ ተሰብሯል። እግሩ መሬት ያልነካ ልጅ ሲጽፍ ወገቡ ይዞራል።

ከጣፎ
ወንበር እኔም ያስፈልገኛል። 40 ያህል። አናጢው እንጨቱ የደረቀ መሆኑን ያረጋግጥልን። እርጥብ እንጨት በበጋ ይጣመማል፣ ልጅ ላይ ይናጋል።

ከየካ አባዶ
ቆይ። ያ 3,000 ብር የዕቅዱ ማተሚያ፣ የእጅ ሥራ ወረቀትና የአንድ ቀን የመምህራን ሥልጠና ነው። ወንበር ውስጥ የለም። ገንዘቡ አናጢ ጋ ከሄደ መምህርቷ ማክሰኞ ጠዋት ምን ይዛ ትገባለች? ካርቶንና ኪዩብ ተቀምጦ ልጁ መልሶ ወደ ሰሌዳው ይዞራል። እኔ ዕቃውን አልቃወምም። ግን ዕቃው አያስተምርም። እኛ ያላሠለጠንናት መምህርት በእንጨት ኪዩብም «1፣ 2፣ 3 በሉ!» ብላ በአንድ ድምፅ ታስጮሃቸዋለች።

ከሰሚት
እውነትሽን ነው። እኔ ሥልጠናውን አልለቅም።

ገንዘብ ያዥ
ሥልጠና ላይ አዳራሽ፣ ምሳና የአሠልጣኝ አበል አለ። ህትመት አለ። ኪዩብ አለ። በ3,000 ሁሉም አይሆንም፣ ደግሞ ግማሻችሁ አልከፈላችሁም። አንዱን ምረጡ።

ሰብሳቢ
ዕቅዱ በቴሌግራም ይላክ፣ ህትመት ይቅር። አምና ያየነው ይበቃል፣ ገንዘብ ወስዶ ሥራውን ታኅሣሥ ላይ ያመጣ ሰው ጋ ተመልሰን አንሄድም። ሥልጠናው ደግሞ ከትምህርት መክፈቻ በፊት አንዳችን ትምህርት ቤት በነፃ ይደረግ። አባዶ ትስጥ።

ከየካ አባዶ
እሺ፣ እሰጣለሁ። ግን ረቡዕ ገና አልተጻፈም። አያት፣ ዓርብ አለፈ። የት ደረስሽ?

ከአራብሳ
በግል ጽፌላት ነበር። ታይቷል፣ መልስ የለም።

ከኮዬ ፈጬ
ልጆች ስትመዘግብ ነው የሰነበተችው ሲሉ ሰማሁ። ሰሞኑን ሁሉም ምዝገባ ላይ ነው።

ከየካ አባዶ
ምዝገባ የሌለበት ማን አለ? ረቡዕን የሚወስድ ሰው እፈልጋለሁ። ባቄላው ከመስቀል በፊት ካልተነከረ ያ ቀን ባዶ ነው። ሐሙስንም ዓርብንም ማንም አላነሳውም።

ከጣፎ
ዘሩን አመጣለሁ ብያለሁ። መጻፉን ለወጣቶቹ ተዉ።

ሰብሳቢ
እንግዲያው ለጊዜው ሰኞና ማክሰኞ ይሂዱ። የተቀረው በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት። ሐሳቡን ለወረዳ የምናስገባበት ርዕስ ግን ይስተካከል፣ «ሳምንታዊ ዕቅድ» ብለን ወንበር ብንጨምር ይጠይቁናል። «የመማሪያ ቁሳቁስ የጋራ ግዢና ሙከራ ትምህርት» ቢሆንስ?

ከአራብሳ
ይሁን።

የወላጅ ኮሚቴ ተወካይ
ይሁን። ወላጅ ወንበር ሲያይ ገንዘቡ የት እንደዋለ ይገባዋል።

ከየካ አባዶ
ርዕሱን ብትቀይሩትም ማክሰኞን እኔው ራሴ መጥቼ በየትምህርት ቤቱ አሳያለሁ። ደብተር አይወጣም። ወላጅ ቢጠይቅ ወደ እኔ ይላክ። «ልጅህ ዛሬ 4ን አልጻፈም፣ 4 ግን አውቋል» እለዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ
ጣፎና ኮዬ ዛሬ ገብቷል። አራብሳ ቀረህ። ለወንበር ተጨማሪ ስንት እንደሚሆን አናጢው በጽሑፍ ይስጠን፣ በቃል የተነገረ ዋጋ አልቀበልም።

ከኮዬ ፈጬ
ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት እሱ ጋ እንገናኝ። የልጆቻችሁን ቁመት ለክታችሁ ኑ፣ ከጉልበት እስከ ተረከዝ።

ከሰሚት
የኬጂ 1 ብቻ ወይስ የኬጂ 2ም? ገና ያልተመዘገቡትን እንዴት እንለካለን?