የ1814ቱ መጽሐፍ ካርታ እየተሰነጠቀብኝ ነው

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ከአጎቴ የወረስኩት መጽሐፍ አስጨንቆኛል፦ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሳልት ስለ አገራችን የጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1814 ለንደን የታተመው። ከካርታዎቹ ትልቁ፣ ተጣጣፊው፣ እጥፋቱ ላይ እየተሰነጠቀ ነው፤ እርጥበቱም ቡናማ ነጠብጣብ አውጥቶበታል። (አዲስ አበባን አትፈልጉበት፤ ገና አልተቆረቆረችም።)

አንድ ጠራዥ «በፕላስቲክ ልለብጠው» ቢለኝ ነጥቄው ወጣሁ። በሙቀት የተጣበቀ ፕላስቲክ ወረቀቱን ሳይጎዳ አይነሳም! የምፈልገው ከጀርባው በስንዴ ስታርች ሙጫና በስስ የጃፓን ወረቀት የሚጠግን ሰው ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። ወረቀቱስ አዲስ አበባ ውስጥ የት ይገኛል? እስከዚያው ካርታው ተዘርግቶ ይቀመጥ ወይስ እንደታጠፈ ይቆይ? ክረምቱ ሳይገባ መልስ ባገኝ መልካም ነበር። ለሽያጭ አይደለምና ዋጋውን አትጠይቁኝ።