የወሊድ መከላከያ ለመግዛት የሚያፍሩ ሴቶችን በዲዛይን ማገዝ ይቻላል?

የሄርማታው
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ መርካቶ አካባቢ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለኝ። አንድ መድኃኒት ቤት ለወሊድ መከላከያ የሚሆን ከረጢትና ፖስተር እንድሠራለት ጠይቆኛል። ባለሙያዋ እንደነገረችኝ ሴቶቹ መጀመሪያ ሳሙና ይጠይቃሉ፣ ሌላው ሰው እስኪወጣ ይቆማሉ፣ ከዚያ ነው ዝቅ ባለ ድምፅ «ፖስት ፒል አለ?» የሚሉት፣ ከግንኙነት በኋላ የሚወሰደውን የድንገተኛ መከላከያ ማለታቸው ነው። ያገቡትም ያው ናቸው። ይሄን ሀፍረት የሚቀንስ ምን ልሥራ? ሮዝ ቀለምና አበባ ብቻ እንዲሆን አልፈልግም።

ፋርማሲስቷ
ወንድሜ፣ ለዚህ ብቻ የተለየ ከረጢት እንዳትሠራ! ሰፈሩ ወዲያው ይለየዋል፣ ከዚያ ከረጢቱን የያዘች ሁሉ ታወቀች ማለት ነው። የሳል ሽሮፑም በዚያው ከረጢት ይውጣ። ይልቅ ባንኮኒው ላይ ሥራ። እሷን የሚያስጨንቃት ሰው ፊት ስሙን መጥራቱ ነው። የእንክብሉ፣ የ3 ወር መርፌው፣ የፖስት ፒሉ ሥዕል ያለበት ካርቶን ይቀመጥና በጣቷ ትጠቁም። ጽሑፉ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሁን፤ ማንበብ ለማትችለው ሥዕሉ ይበቃል። ፖስት ፒሉ ላይ «በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቶሎ ሲወሰድ ይሻላል» የሚለውን አጉልተህ ጻፍልኝ። አፍራ ስትመላለስ ሰዓቱ የሚያልፍባት አለች፣ ያ ነው የሚያንገበግበኝ።

ዲዛይን ወዳዱ
ዴቪድ ዋግነር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1962 የሠራውን ክብ የእንክብል መያዣ ፈልገህ እይ። ሚስቱ የዛሬውን ወሰደች አልወሰደችም በሚል ሲቸገሩ ነው ቀኑን የሚያሳይ አድርጎ የሠራው። ቦርሳ ውስጥ ሲገባ የፊት ፓውደር ነው የሚመስለው።

የኮቼዋ
እኔ በመደበቁ አልስማማም። እንደ ፓውደር ከሸሸግነው ነውር ነው ያልነውን እያጸናን ነው። ፖስተሩ ባልና ሚስት አብረው ሲጠይቁ ያሳይ፣ በግልጽ፣ በር ላይ ይለጠፍ።

ጤና ኤክስቴንሽን
እህቴ፣ ፖስተሩ ላይ ልክ ነሽ። ግን ባሏ ወይ አማቷ የማይፈቅዱላት ሴት መደበቁ ለሷ ሀፍረት አይደለም፣ ደኅንነቷ ነው። መርፌውን የምትመርጠው ቤት የሚቀመጥ ነገር ስለሌለው ነው፣ ከዚያ የቀጠሮ ካርዷ ያጋልጣታል። ወንድም፣ ከቻልክ እሱንም ሥራው፦ በትንሹ፣ ቀኑ ብቻ ያለበት፣ የመድኃኒቱ ስም የሌለበት። ካርዱን ልያዝ ወይስ ይቅርብኝ የሚለውን ደግሞ እሷው ትምረጥ።