«ተመሳሳይ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጅማ ነው ያለሁት። አባቴ በርጩማ ይጠርባል፤ ትዕዛዝ የምጽፈው እኔ ነኝ። ባለፈው ወር አንዲት ደንበኛ ቡና ለሚያፈሉበት ቤት «6 ተመሳሳይ በርጩማ» ብለው አዘዙ። እንዳሉት ጻፍኩ። አባቴ ሁሉንም ከዋንዛ፣ ባለ ሦስት እግር አድርጎ ሠራቸው። ሴትዮዋ መጥተው አጠገብ ለአጠገብ ሲደረድሯቸው ግን አንዱ ከሌላው ሁለት ጣት ይበልጣል፣ የመቀመጫቸውም ጉድጓድ ይለያያል። ሁለቱን መለሱ። አባቴ «ይመሳሰላሉ እኮ!» ይላል። ለእኔ ሁለቱም እውነት አላቸው።

ቃሉ የመጣው ከ«መሰለ» ነው። መምሰል ደግሞ መሆን አይደለም፤ ልጅ አባቱን ይመስላል እንጂ አባቱ አይደለም። በኦሮምኛም «ወል ፈካታ» ስንል የሚመሳሰል ማለታችን ነው። ግን ሰው «ተመሳሳይ ስልክ ነው የያዝነው» ሲል ያንኑ ሞዴል ማለቱ ነው።

«አንድ ዓይነት» ብዬ ሞከርኩ፤ አባቴ የእንጨቱን ዓይነት መሰለው። «እኩል» ደግሞ ቁመቱን እንጂ ቅርጹን አልያዘልኝም።

ነገ የ12 በርጩማ ትዕዛዝ እቀበላለሁ። በቁመትም በቅርጽም ቅንጣት ልዩነት የሌላቸው ለማለት ወረቀቱ ላይ የትኛውን ቃል ልጻፍ?