የላይላክ ዘር ዕቅድ፦ ረቂቁ እሑድ ይዘጋል

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ ይኸው። በየጓሯችን ካለው መዓዛማ የአበባ ቁጥቋጦ፣ ከላይላክ፣ ዘር ለቅመን 200 ዘር በጋራ እናፈላለን። ብርዱ ሲያልፍ ችግኙ ለአባላት ይከፋፈላል። ያምናው መዋጮ አፈር ሆኖ ቀርቷል፤ ዘንድሮ አይደገምም።

የመደብ ኃላፊ፦ አምና የከሸፈው ዘሩ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ሳምንት ብቻ ስለቆየ ነው። ያኔም ተናግሬ ነበር። በእርጥብ አሸዋ፣ 4 ዲግሪ አካባቢ፣ ሁለት ወር ይቆይ። ሲዘራም ከ1 ሴንቲሜትር በላይ አይቀበር። ትናንት አንድ የደረቀ ፍሬ በጥፍሬ ከፈትኩ። ለሁለት ተሰነጠቀ። ውስጡ አራት ዘር፣ ጠፍጣፋ፣ ዳር ዳሩ እንደ ክንፍ የሳሳ። ስተነፍስ አንዱ ከእጄ በረረ። ፍሬው ራሱ ተከፍቶ ሳይበተን ልቀሙ።

ባለ ነጩ ላይላክ፦ ቁጥር 4ን እቃወማለሁ። «በየችግኙ ታግ ላይ የአበባው ቀለም ይጻፍ» ይላል። በዘር የበቀለ ላይላክ እናቱን ላይመስል ይችላል። ከእኔ ነጭ ሐምራዊ ቢወጣስ?

ጸሐፊ፦ «የእናት ቀለም» ይባላ።

ባለ ነጩ ላይላክ፦ ሰው የሚያየው «ነጭ» የሚለውን ብቻ ነው። እስኪያብብ አራት አምስት ዓመት ይጠብቃል። ያኔ ሐምራዊ ሲሆንበት የሚወቀሰው ማን ነው?

ጸሐፊ፦ «ነጭ ሊሆን ይችላል» ብንልስ?

ባለ ነጩ ላይላክ፦ ሊሆን ይችላል ተብሎ ታግ ይጻፋል እንዴ?

ገንዘብ ያዥ፦ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ታግ! አሸዋ አልተገዛም፣ ፍሪጅ የለም። የሰው ገንዘብ እጄ ላይ ነው እኮ!

አዲስ አባል፦ ፍሪጅ እኔ ጋ አለ። ነገ ቦታ አስለቅቃለሁ።

ባለ ነጩ ላይላክ፦ ለአንተ ታግ ነው። ለእኔ አባቴ የተከለው ነው። በስሙ ውሸት አይጻፍም።

ገንዘብ ያዥ፦ ይቅርታ ጋሼ። ያንን ረስቼው አይደለም። ያምናው ኪሳራ ነው የሚያንገበግበኝ።

የመደብ ኃላፊ፦ ነጭ የፈለገ ከሥር የሚወጣውን ቀንበጥ ይትከል። በሌላ ሥር ላይ የተቀጠለ ተክል ካልሆነ ቀንበጡ ቁርጥ እናቱን ነው።

ባለ ነጩ ላይላክ፦ የእኔ አልተቀጠለም። 12 ቀንበጥ አውጥቷል። ሥሩን ሳትበጥሱ ከነአፈሩ የምታወጡ ከሆነ እሰጣለሁ።

ጸሐፊ፦ ለእኔ ሁለት ያዙልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ለእኔም አንድ።

የመደብ ኃላፊ፦ ዘሩስ? ፍሪጅ አለኝ ያለው ልጅ የት ገባ? ሁለቴ ደወልኩ፣ አያነሳም። ፍሬው እኛን አይጠብቅም።

ሰብሳቢ፦ ቁጥር 4 ተስተካክሏል፤ ቀለም ቀርቶ የተለቀመበት ተክል ቁጥርና ቀን ይጻፋል። ቁጥር 1 «12 ቀንበጥ፣ ፍሪጅ ከተገኘ ደግሞ 50 ዘር» ሆኗል።

ገንዘብ ያዥ፦ የአሸዋው ገንዘብ ለአካፋ ይዙር?

የመደብ ኃላፊ፦ አይዞርም። 50ውን እኔ ቤት አስገባለሁ። የቀረው 150 ግን በነፋስ መሄዱ ነው፤ ይህ ይመዝገብልኝ።

ባለ ነጩ ላይላክ፦ ቀንበጡ ላይ ግን ቀለም ይጻፍ። «ነጭ» ተብሎ፣ በጉልህ።