ክርክር፦ ያላወቀ ልጅ ይለፍ ወይስ ይድገም?

የብሎክ 14 አባት፦ የቱሉ ዲምቱ ወላጆች፣ እስቲ አንድ ነገር ላንሳ። እዚሁ ሰፈር የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማረው የእህቴ ልጅ የ7ኛ ክፍል ካርዱን ይዞ መጣ። አማካይ 86። ልሸልመው ነበር። ደብተሩን ገለጥ ሳደርግ 3/4 + 1/2 = 4/6 ይላል። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምሮት ቁጭ! አጠገቡ ትልቅ ቀይ ራይት አለ። የሳይንስ መጽሐፉን አውጣና አንድ አንቀጽ አንብብልኝ አልኩት። ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመ። ካርዱ ግርጌ ላይ ግን "ወደ 8ኛ ክፍል ተዛውሯል" ተብሎ ማኅተም ተመቶበታል። የኔ አቋም ያላወቀ ይድገም ነው። የማይስማማ ካለ ይናገር።

የሦስት ልጆች እናት፦ እኔ አልስማማም፣ ወንድሜ። ሲደግም የሚያስተምረው ማነው? ያው መምህር፣ ያው መጽሐፍ። አምና ያልገባው ዘንድሮ በምን ተአምር ይገባዋል? ደግሞ 7ኛ ክፍል መሆኑን አትርሳ። አዲስ አበባ ላይ እስከ 6ኛ በአማርኛ ተምረው 7ኛ ሲገቡ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆናል። የኔዋ 6ኛ ክፍል እጇን ለማውጣት የሚቀድማት አልነበረም፤ 7ኛ ላይ ዝም አለች። የግሎቹ ከኬጂ ጀምሮ ሲለማመዱት ነው ያደጉት። የኛን ልጅ ድገም ብሎ ማሳፈር ፍርድ ነው?

የብሎክ 14 አባት፦ እሺ፣ ቋንቋው ይሁን። 86ቱ ከየት መጣ?

የሒሳብ መምህር፦ እሱን እኔ ልንገርህ። ማርኩ ሁሉ ከፈተና አይመጣም። የቤት ሥራ አለ፣ የቡድን ሥራ አለ፣ ተሳትፎ አለ፣ ደብተር አያያዝ አለ። የቡድን ሥራውን አንድ ጎበዝ ይሠራዋል፣ የቀሩት ስማቸውን ይጽፋሉ። ስለ ቀዩ ራይት ደግሞ፣ ብዙ ቦታ ደብተር ሰብስቦ ራይት የሚያደርገው የክፍል አለቃው ነው። በክፍል 60 ልጅ ይዞ አራት ክፍል ለሚያስተምር ሰው 240 ደብተር ነው። ማን ቁጭ ብሎ ያነበዋል?

ዋናው ግን ዕቅዱ ነው። መጠነ ማቋረጥ ዜሮ፣ መጠነ መድገም ዜሮ ተብሎ ይወርዳል። እኔ አሥራ አምስት ልጅ ብጥል "ልጆቹ ምን ሆኑ?" የሚለኝ የለም። "አንተ ምን ሠራህ? የማካካሻ ትምህርቱ የታለ? ቃለ ጉባኤው የታለ?" ነው የምባለው። ምዘናዬ ላይ ይገባል። ስለዚህ 38 ያመጣው 50 ይደረጋል። ከዚያ የምሩን 50 ያመጣው ከሱ እኩል ሊሆን ነው፤ አይገባምና እሱም 65 ይደረጋል። 65 የነበረው 75። እንዲህ እንዲህ እያለ መካከለኛው ልጅ 86 ይገባል። ሮስተሩ፣ ማለት የክፍሉ የማርክ መዝገብ፣ ሲሞላ ሁሉም ደስ ይለዋል። እከክልኝ ልከክልህ ነው። ወላጅም አለበት፤ "ልጄን ለምን ጣልከው" ብሎ ቢሮ የሚመጣ ሞልቷል፣ "ለምን አሳለፍከው" ያለኝ ግን እስካሁን የለም።

የብሎክ 14 አባት፦ ዛሬ አለህ።

ጡረተኛ ርዕሰ መምህር፦ ልጆች፣ ነገሩ የቆየ ነው። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ከመጣ በኋላ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል መድገም ቀረ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ መምህሩ እየተከታተለ፣ የደከመውን እየደገፈ እንዲያሳልፍ ነበር። ድጋፉ ቀረና ማሳለፉ ብቻ ተረፈ። ከዚያ የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናም ተነሣ። እዚህ ከተማ 6ኛና 8ኛ ላይ ፈተና አለ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ 12ኛ ማንም ከውጭ አይፈትነውም። እኛ ስንማር ከአንድ ክፍል ሩቡ ይደግም ነበር፣ ማንም አልሞተም።

የሦስት ልጆች እናት፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያኔ የሚደግመው ሩቡ ብቻ ነበር? ከሁለተኛው ዓመት በኋላ በጉን ሊጠብቅ የሄደውስ? እናቷ ጋር ጉሊት የቀረችዋስ? እነሱ ስላልተቆጠሩ ነው ማንም አልሞተም የምንለው። ደግሞ ኮንዶሚኒየሙ ሰው በሰው ሆኗል። ሃያ ልጅ ከደገመ ከታች የሚመጣው ሃያ የት ሊቀመጥ ነው?

ጡረተኛ ርዕሰ መምህር፦ ስለ ሴቶቹ ያልሽው እውነት ነው። መጀመሪያ የሚቀሩት እነሱ ነበሩ።

አካውንታንቱ፦ ቁጥር ላምጣ፣ ስሜት ብቻ እንዳይሆን። የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ 50% እና በላይ ያመጣው 3.3% ነው። 2015 ላይ 3.2%፣ 2016 ላይ 5.4%፣ 2017 ላይ 8.4%። እየተሻሻለ ነው፣ አታጋኑት።

ጡረተኛ ርዕሰ መምህር፦ ተፈታኙም እያነሰ ነው እኮ። 2015 ላይ ከ845 ሺህ በላይ ነበር፣ 2017 ላይ 585 ሺህ ገደማ። ደካማው ሳይፈተን ከቀረ ፐርሰንቱ ራሱ ያድጋል።

አካውንታንቱ፦ ልክ ነዎት፣ ግን ያለፈውም ሰው ጨምሯል። ከ27,267 ወደ 48,929። ይሄ በማካፈል ብቻ አይመጣም።

የሦስት ልጆች እናት፦ ከመቶው 91 ወድቆብኝ ተሻሽሏል ትለኛለህ? ሆሆ!

ሪሚዲያል የገባው፦ እኔ የ2014 ባች ነኝ፤ 50% ሳላመጣ ቀርቼ ሪሚዲያል፣ ማለት ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ማካካሻ ትምህርት፣ የገባሁ። አንድ ነገር ልበል። ከዚያ በፊት ፈተና ማለት አጤሬራና ቴሌግራም ነበር፤ መልስ ይለቀቃል፣ ይገለበጣል። ግቢ ስንገባ ስልክ የለ፣ ኩረጃ የለ። አራት ዓመት ሙሉ ከ85 በታች አማካይ አይቼ አላውቅም ነበር። ውጤት የወጣ ቀን የራሴ አልመሰለኝም፤ የመለያ ቁጥሬን ደጋግሜ አስገባሁ። በ2015 አንድም ልጅ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። እነሱም እኮ በዚያው ዓመት ካርድ ሲሰጡ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብለው አጨብጭበዋል።

ለኔ እዚህ ሁለት ነገር ነው የተቀላቀለው። መድገም አንድ ነው፣ ማርክ መዋሸት ሌላ ነው። 4ኛ ክፍል ላይ "ሒሳብ 38" ብላችሁ ጽፋችሁ ብታሳልፉኝ እናቴ ቢያንስ ታውቅ ነበር። ቱቶር ባትችል እንኳ የአክስቴን ልጅ ታስቀምጥብኝ ነበር። 86 ያየ ወላጅ ምን ብሎ ይጨነቃል? በነገራችን ላይ ሪሚዲያል ላይ ክፍልፋይ እንደ አዲስ ነው የተማርኩት። 3/4 + 1/2 ጭምር።

የሒሳብ መምህር፦ ሐሳብህ ጥሩ ነው፣ ግን እንዴት ተደርጎ? 38 እና "ተዛውሯል" አንድ ካርድ ላይ ይጻፉ ብል ማን ይፈርምልኛል?

የሦስት ልጆች እናት፦ 38 ብለህ ላክልኝ። እኔ እፈርማለሁ።

የብሎክ 14 አባት፦ አንቺ ትፈርሚያለሽ። ጎረቤት ያለው ትምህርት ቤት ግን 86 ማደሉን ይቀጥላል። ያንቺ ልጅ 38 ይዛ ዝውውር ስትጠይቅ ማን ይቀበላታል? እኔ አሁንም መድገም ነው የምለው። ቢያንስ ሲደግም ሁሉም ያያል።

የሦስት ልጆች እናት፦ አዎ ያያል። ልጁም ያያቸዋል፣ እነሱ ወደፊት ሲሄዱ።

አካውንታንቱ፦ የወላጅ ስብሰባው መቼ ነው? ሁልጊዜ መዋጮና ዩኒፎርም ተወርቶ ነው የምንበተነው። ይሄ አጀንዳ ይያዝ።

የሒሳብ መምህር፦ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ነው። ግን ከወላጅ አፍ ይውጣ። እኔ ካነሳሁት "መምህሩ ማስተማር ስላቃተው ነው" ነው የሚባለው።

የሦስት ልጆች እናት፦ እኔ አነሳዋለሁ። አንተ የብሎክ 14፣ ደብተሩን ይዘህ ና።