የእናቴ እጢ «ኬራስ ሚውቴሽን አለው» ተባለ፤ ወደ እኛ ይተላለፋል?

ልጇ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እናቴ 47 ዓመቷ ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኝቶባት ጉበቷ ላይ ደርሷል። ትናንት የመጣው የእጢው የጂን ምርመራ ውጤት «ኬራስ፦ ሚውቴሽን አለ። ኤንራስ፣ ቢራፍ፦ የለም። ኤምኤምአር፦ አራቱም ፕሮቲኖች አሉ» ይላል። ሐኪሙ ከኬሞው ጋር ሊጨምርላት የነበረውን ሴቱክሲማብ የሚባል የካንሰር መድኃኒት «ይቅር» አለ። ወረፋ ስለነበር ለምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ወጣሁ። አክስቴ ደግሞ «በዘር ነው፣ ሁላችሁም አለባችሁ» ብላ ቤቱን በለቅሶ ሞልታዋለች። እውነት ነው?

የላብራቶሪ ሰው፦
እግዜር ይማርልህ። አክስትህ ተሳስተዋል። የተመረመረው ከእጢው የተቆረጠው ሥጋ ነው። ኬራስ፣ ኤንራስ፣ ቢራፍ የጂን ስሞች ናቸው፤ ሚውቴሽን ማለት የጂን ለውጥ ነው። የኬራሱ ለውጥ እዚያው እጢው ውስጥ የተፈጠረ ስለሆነ ወደ ልጅ አይሄድም። ከአሥር የአንጀት ካንሰር ታማሚዎች አራቱ ገደማ አለባቸው።

መድኃኒቱ ለምን ቀረ? ሴቱክሲማብ ከሴሉ ላይ «እደግ» የሚለውን መልእክት የሚቀበለውን ክፍል ይዘጋል። ኬራስ ደግሞ ከእሱ በታች ያለ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ሲበላሽ በርቶ ይቀራል። ሌባው ቤት ከገባ በኋላ በር መቆለፍ ምን ይረባል? ትርፉ የቆዳ ሽፍታ ነው።

ሦስት ዓመት ያለፈኝ፦
የኔ የተገላቢጦሽ ነበር። ኬራስ የለም፤ ከአራቱ የኤምኤምአር ፕሮቲኖች (የዲኤንኤ ስህተት የሚያርሙ ናቸው) ኤምኤልኤች1 እና ፒኤምኤስ2 የሚባሉት ግን ጠፍተው ተገኙ። ቢራፍ ቢኖር ኖሮ በዘር የመጣ አይደለም ይሉኝ ነበር፤ ስላልነበረ ለዘር ምርመራ ደም ሰጠሁ፣ ሊንች ሲንድረም ተባለ፤ ለአንጀት ካንሰር የሚያጋልጥ በዘር የሚተላለፍ ችግር ነው። እህቴም ተመርምራ ፖሊፕ (አንጀት ውስጥ የሚበቅል ትንሽ እብጠት) ወጣላት። እኔ በኬሞ ፋንታ ፔምብሮሊዙማብ የሚባል የሰውነት መከላከያን የሚያነቃ መድኃኒት ወሰድኩ። የእናትህ አራቱም ካሉ የሊንች ነገር ብዙ አያሰጋም።

የላብራቶሪ ሰው፦
ልክ ነው። ግን 47 ዓመት ለዚህ በሽታ ገና ነው። ከ50 በፊት ለታመመ ሰው የዘር የደም ምርመራ እንዲታዘዝ ሐኪሙን ጠይቁ። ውጤቱ ንጹህ ቢሆን እንኳ እናንተ ልጆቻቸው 37 ሲሞላችሁ ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ማየት) ጀምሩ፤ እሳቸው ከታመሙበት ዕድሜ 10 ዓመት ተቀንሶ ነው።

ስሜ ይቆይ፦
ከኬራስ አጠገብ የተጻፈው ምንድን ነው? የለውጡ ዓይነት ማለቴ ነው። ጂ12ሲ ከሆነ ሶቶራሲብ የሚባል የራሱ መድኃኒት አለው፤ ከፓኒቱሙማብ (የሴቱክሲማብ ዓይነት መድኃኒት) ጋር ይሰጣል።

ልጇ፦
አሁን አየሁት። ጂ12ዲ ነው የሚለው።

ስሜ ይቆይ፦
እሱ አይደለም እንግዲህ። ወረቀቱን ግን ፎቶ አንስተህ አስቀምጠው፣ ወደፊት ሐኪም ሁሉ ይጠይቅሃል።

ልጇ፦
አነሳሁት። አሁን ለአክስቴ ልደውል።