ወንድሜን በዘር ጥላቻ መቱት፣ እናቴ "ይቅር በለው" ትላለች

ሰላም ወገኖች። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ታናሽ ወንድሜ ማደያ ውስጥ ማታ ማታ ይሠራል። ባለፈው ሐሙስ አንድ ሰውዬ "ወደ አገርህ ሂድ" እያለ ሲሰድበው ቆይቶ ፊቱን በቡጢ መታው። ቅንድቡ ላይ ተሰፍቷል። እኔን ያሳመመኝ ግን ዝምታው ነው። ያን ሌሊት መታጠቢያ ቤት ዘግቶ የጃኬቱን ደም ሲያጥብ ሰማሁት፣ እናታችን እንዳታይበት ብሎ። እሷ ግን አይታለች። ይኸው "ይቅር በለው ልጄ፣ ለፈጣሪ ስጠው" ትለዋለች፣ በቀን ሦስቴ። እኔ ደግሞ ንዴቱ እንቅልፍ ነስቶኛል። ይቅርታ እንዲህ በቀናት ውስጥ ይመጣል እንዴ? እስቲ የምታውቁትን ንገሩኝ።

ሩት ከፖርትላንድ
እግዜር ይማርልህ ወንድሜ። እኔ ያለሁት ኢትዮጵያዊው ሙሉጌታ ሥራው የተገደለበት ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1988 ዘረኞች በቤዝቦል ዱላ ቀጥቅጠው ገደሉት፣ ገና የ28 ዓመት ልጅ ነበር። ቤተሰቡ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ገዳዮቹ ከታሰሩ በኋላ ጥላቻውን ሲሰብክ የኖረውን የዘረኞች ድርጅት መሪ ቶም ሜትዝገርን ከሰሱት፣ በ1990 በእሱና አብረውት በተከሰሱት ላይ በጠቅላላው 12.5 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደባቸው። እኔን ሁሌ የሚነካኝ ግን የልጁ ነገር ነው። አባቱ ሲሞት ትንሽ ልጅ ነበር። ከቤተሰቡ ጠበቆች አንዱ፣ ነጭ ሰው፣ ልጁን አቅርቦ እየረዳ ለወግ ለማዕረግ አበቃው፣ አብራሪ ሆነ። ወንድምህ አሁን በፈረንጅ ሁሉ ላይ ልቡ እንዳይዘጋ እንዲህ ያለ ሰው አጠገቡ ቢኖር ደስ ይለኛል። ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ ማንም ይሁን።

እታለም
እናትህን አትቀየማት፣ ልጄ። ልጇ በቂም እንዳይበላባት ፈርታ ነው። ሳውዝ ካሮላይና፣ ቻርልስተን ላይ በጁን 2015 የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ገብቶ በዘር ጥላቻ ዘጠኝ ሰው የገደለው ነጭ ወጣት መጀመሪያ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያጠኑ አብሯቸው ተቀምጦ ነበር። ተቀብለው ነው ያስቀመጡት! በሁለተኛው ቀን ፍርድ ቤት ሲቀርብ እናቷን የገደለባት ሴት "ይቅር ብዬሃለሁ" አለችው። እኔ ይህን ስሰማ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ግን ደግሞ ከሟቾቹ ቤተሰብ ገና አልቻልንም ያሉም አሉ፣ ማን ይፈርድባቸዋል? ይቅርታው የወንድምህ ነው። አንተም እናትህም ልታበድሩት አትችሉም።

ዳኒ
ሁሉም ጥሩ ነው፣ ግን ፖሊስ ጋ አመልክታችኋል? የማደያው ካሜራ የቀዳውን ቪዲዮ ዛሬውኑ እንዲያስቀምጡላችሁ ጠይቁ፣ ቶሎ ሊጠፋ ይችላል። ሰውዬው የተናገረውን ደግሞ ቃል በቃል ያስመዝግብ። ተራ ድብደባ ነው ወይስ የጥላቻ ወንጀል የሚባለው ሲጣራ ያ ቃል ትልቅ ማስረጃ ነው። ይቅር ማለት ክስ መተው አይደለም። እባካችሁ እነዚህን ሁለቱን አታደባልቁ።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ከሥራ ቀርቼ አብሬው ዋልኩ። ስለ ሰውዬው አንድም ቃል አላነሳሁበትም። ሽሮ ሠርቼ በላን፣ ኳስ አየን። ማታ ላይ ድንገት "በሩ በተከፈተ ቁጥር እደነግጣለሁ" አለኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ፣ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት። እኔ ለካ ስለ ሰውዬው እንጂ ስለ እሱ አስቤ አላውቅም ነበር። ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን። እናቴም አብሬ ካልሄድኩ ብላ ነጠላዋን ከአሁኑ አውጥታ ወንበሩ ላይ አስቀምጣለች።